ከግድግዳው እስከ ሐዲዱ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4
ከሥራ ታግጄ ቤት መዋል ከጀመርኩ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ይህን ደብተር ባለቤቴ የገዛልኝ ለልኬት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ግን ለራሴ ወሰድኳቸው።

ባለቤቴ የእንጨት ሥራ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ፣ ልጃችን አግብታ በለቀቀችው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ትንሽ የአሻንጉሊት ባቡር መስመር እሠራለሁ እያለ ሁለት ዓመት ሆነው። ጠረጴዛ የለ፣ ሐዲድ የለ፣ ወሬው ብቻ። ዛሬ ጠዋት ሜትሮና እርሳስ ይዞ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሃያ ስድስት ዓመት የባቡር መንገድ ስትለኪ ኖረሻል» አለኝ። «የእኔን ክፍል ለመለካት ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

«ምኑን ልለካልህ?»

«የትኛው ስኬል እንደሚበቃው፤ ባቡሩ ከእውነተኛው ስንት እጅ ማነስ እንዳለበት። ከዚያ ደግሞ ባቡሩ ሲዞር ምንም ነገር እንዳይነካ።»

እንዳይነካ ሲል አየት አደረገኝና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ተነሥቼ ለካሁ። ሦስት ሜትር ከሃያ በሁለት ሜትር ከስልሳ። በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ሰማንያ ሴንቲ ይበላል።

የታገድኩበትን ነገር አንድ ጊዜ ጽፌው ልለፍ። ባለፈው ወር አርባ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ባቡሩ ከትንሿ ጣቢያ ሲነሳ፣ ትኬት ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ ለሹፌሩ ባንዲራ ሲያሳይ ቀኝ እጁን ሐዲዱ ዳር ያለው የድጋፍ ግድግዳ መታው። ከክርኑ በታች ተቆረጠ። በዚያ መስመር ከግድግዳው እስከ ሐዲዱ ያለውን ክፍተት የምለካው እኔ ነኝ። አጣሪ ኮሚቴው እስኪጨርስ ቤትሽ ተቀመጪ ተባልኩ። ወረቀቴ ሙሉ ነው። ሁሉም ቦታ ቁጥር አለው፣ ሁሉም ቦታ ፊርማ አለው።

ለሜትሮው ባለቤቴን አመሰግናለሁ። እጄ ሥራ አገኘ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6
ሰዓት ሠሪው ሱቅ ሄድን። በሕይወት ከሌለ አንድ ደንበኛው ቤት የመጡ ሁለት ሳጥን ባቡሮች አሉት። አንዱ አንድ ለመቶ ስልሳ ነው፣ ሌላው አንድ ለሰማንያ ሰባት። እውነተኛው ረጅም ፉርጎ ሃያ ስድስት ሜትር ከምናምን ነው፤ በትንሹ ስኬል መዳፌ ላይ ይተኛል፣ በትልቁ የተማሪ ማስመሪያ ያህላል።

የባለቤቴ ልብ ትንሹ ላይ ነው። በትንሹ ከሆነ ክፍላችን ሁለት ተራራ፣ ሦስት ዋሻ፣ ረጅም ድልድይ ይይዛል። በትልቁ ግን ኩርባው ራሱ ጠረጴዛውን ይጨርሰዋል፤ የሚተርፈው አንድ ጣቢያና አንድ ጉብታ ነው።

ሰዓት ሠሪው ከሁለቱም ሳጥን አንድ አንድ ፉርጎ አውጥቶ ሰጠን። «ወስዳችሁ ሞክሩ» አለ። «ሁለት ሳምንት ለማንም አልሰጥም።» ስማችንን እንኳ አልመዘገበም። እንዲህ ያለ ሰው አሁንም አለ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8
የክፍል ኃላፊዬ ደወለ።

«ወረቀትሽ የተሟላ ነው» አለኝ። «ኮሚቴው ሐዲዱ የተገፋው በሚያዝያው ዝናብ ነው ወደሚለው እያዘነበለ ነው። አንቺ ከለካሽ በኋላ ማለት ነው። ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ትኬት ቆራጩስ?»

«እሱማ ሳያይ እጁን አወጣ። ደንቡ አይተህ አውጣ ነው የሚለው።»

አመሰገንኩት። ለእኔ አስቦ ነው የደወለው። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ባልኩበት ድስቱ አረረ። ባለቤቴ ያረረውን ወደ ዳር ገፍቶ የላይ የላዩን በላ፤ ደግሞ «ዛሬ ጥሞኛል» አለ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11
ባለቤቴ በየሐሙሱ ወንድሜ ጋ እያለ የሚወጣው ለካ ትኬት ቆራጩን ሊጠይቅ ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ነገረኝ።

«አሁን ወደ ቤቱ ገብቷል» አለ። «ከነገ ወዲያ እዚህ ይመጣል። እኔ ነኝ የጠራሁት።»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ብጠይቅሽ እንቢ ትይኝ ነበር።»

እውነቱን ነው። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ታግጃለሁ፣ ኮሚቴው ይታዘበኛል፣ ደንቡ አይፈቅድም፤ ምክንያት አላጣሁም። ከእሱ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል። እናቴ ስታርፍ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ያደረ ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13
መጣ። ቁመቱ ያው ነው፣ ከሳ እንጂ። የኮቱን ቀኝ እጅጌ ወደ ላይ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይዞታል።

«እትዬ፣ ጠፉብኝ እኮ» አለ በሩ ላይ። ወቀሳ ፈለግኩበት፤ አላገኘሁበትም። ግራ እጁን ዘረጋልኝ። «ንቀት እንዳይመስልብኝ፣ ያለኝ ይኸው ነው። ድሮ ባለቤቴ ግራ እጅህ ለጌጥ ነው ትለኝ ነበር። አሁን ሥራ ተቀጥሯል።»

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ሻይ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ ባለቤቴ አንድ ክንድ የምታክል ሐዲድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ትንሹን ፉርጎ ሰጥቶታል። ስምንት ጥቃቅን ጎማዎች አንድ ላይ ሐዲዱ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ሞከረ። የፊቶቹ ሲገቡ የኋላዎቹ ይወጣሉ። አንድ እጅ ፉርጎውን ሲይዝ ሌላው እጅ ነው ጎማውን የሚያስገባው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ፉርጎው ተንከባሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

«ይሄስ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ነው» አለና ላቡን ጠረገ።

ትልቁን ሰጠሁት። በመጀመሪያው ወላወለ፣ በሁለተኛው ቁጭ አለ። በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው፤ ፉርጎው እስከ ሐዲዱ ጫፍ ድረስ ሄደ።

«ይሄኛው ፉርጎ ይመስላል» አለ፣ እየደጋገመ እየገፋው።

እሑድ፣ ሰኔ 16
ትልቁን መረጥን፤ ሳጥኑን በሙሉ ከሰዓት ሠሪው እንገዛለን። አንድ ለሰማንያ ሰባት።

ለባለቤቴ ምክንያት ደረደርኩለት። ትንሹ አቧራ አይችልም፣ ጎማው ቶሎ ይስታል፣ ሲበላሽ ለመጠገን ዓይን ይፈልጋል። ሁሉንም አዳመጠኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሲስለው የኖረውን ባለ ሁለት ተራራ ንድፍ አራት ቦታ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«እውነትሽን ነው። የእኔም ዓይን ደክሟል» አለ።

ያለ መነጽር ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ስኖር ምን ሠርቼ እንዳገኘሁት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18
ልጃችን ደወለች። ሕፃኗ ዛሬ አራት ወር ሞላት። በስልክ ድምፅዋን አሰማችን። ባለቤቴ «የካቲት 18 ቀን እንዴት እንደሮጥሽ ትዝ ይልሻል? ጫማሽ ሁሉ ጭቃ ነበር» አለኝ። ውሃ ጥጄ ነበርና ወጣሁ።

የጠረጴዛው ቁመት፦ ዘጠና አምስት ሴንቲ። ለጠረጴዛው ገጽ የሚሆነው ኮምፔንሳቶ ነገ ይመጣል። በሩ ፊት ለፊት የሚነሳ ድልድይ ይሆናል፤ በአንድ እጅ መነሳት አለበት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22
የዛሬውን በሰፊው ልጻፈው፤ ከምሳ በኋላ ዝናብ ስለሆነ ባለቤቴ ተኝቷል።

ትኬት ቆራጩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊረዳን ይመጣል፤ ዛሬ ኩርባውን ፈተንን። ረጅም ፉርጎ ሲዞር እንደ ሐዲዱ አይታጠፍም። ወገቡ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወረወራሉ። ከጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ፤ ፉርጎው ወገብ ላይ አንድ እርሳስ፣ ጥጉ ላይ ሌላ እርሳስ በፕላስተር አሰርኩ። ትኬት ቆራጩ በግራ እጁ ቀስ እያለ ገፋው። ሁለት መስመር ወጣልን። ወገቡ ወደ ውስጥ አንድ ሴንቲ ይገባል፣ ጥጉም ወደ ውጭ አንድ ሴንቲ ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ በቀጥታው መንገድ አራት ሴንቲ ተኩል ተራርቀው የሚሄዱት ሁለት ሐዲዶች፣ ኩርባው ላይ ስድስት ካልሆኑ ባቡሮቹ ይፋተጋሉ።

«ደግመሽ ልትለኪው ነው?» አለኝ ባለቤቴ።

«አዎ።»

«ሦስተኛሽ ነው።»

«ተዋቸው ጋሼ» አለ ትኬት ቆራጩ። «የለካ ሰው እንቅልፍ አያጣም።»

ፉርጎውን ገፍቶ ሲጨርስ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ።

«ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል። እጅህን ያወጣኸው ሳታይ ነው አሉኝ። እዚያ ቦታ አሥራ አንድ ዓመት ባንዲራ አሳይቻለሁ፤ ግድግዳው አጠገቤ ያልፋል እንጂ አይነካኝም ነበር። ከጥር ወዲህ ሌላ መስመር ተመድቤ ከርሜ ገና መመለሴ ነበር። አሁን ግን እነሱ ሲደጋግሙት እኔም፣ ተዘናግቼ ነው ይሆናል፣ እያልኩ ነው። ባለቤቴን ጠይቄያት አውቃለሁ። በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ ሐሳብ የገባኝ ነገር ነበር እንዴ? አልኳት። አልነበረም አለችኝ። እንግዲህ እንዴት ነው የሳትኩት?»

ባለቤቴ አየኝ። እኔ እርሳሱን ከፉርጎው ላይ እየፈታሁ ነበር። ፕላስተሩ ጠንክሮ ነበር።

ሲሄድ ጃንጥላ ሰጠሁት። በአንድ እጅ መክፈት አልቻለም፤ ከፍቼ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለኝ። እሱ እኔን አመሰገነኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 25
ችኮላ ላይ ነኝ። የክፍተት መለኪያ ከካርቶን ቆረጥኩ፤ የረጅሙ ፉርጎ ቁመትና ወርድ፣ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ተጨምሮበት። ጣቢያው አለፈ። ድልድዩ አለፈ። የመብራት ምሰሶው ነካ፤ ነቅዬ አራቅኩት።

ኮሚቴው ሐምሌ 5 ይጠራኛል።

ምግብ አልበላልኝም።

ዓርብ፣ ሰኔ 28
ዛሬ ባለቤቴ ላይ ጮህኩ።

ጉብታው ውስጥ የሚያልፈው ዋሻ ሁለት አፍ አለው። መግቢያውን ለክተን ቆረጥነው። መውጫውን ብቻውን ቆርጦ ጠበቀኝ። ረጅሙን ፉርጎ ስገፋው ጥጉ መውጫው ላይ ቸከል አለና ቆመ።

«ይሄን ለክተኸዋል?»

«የመግቢያውን ልክ ነው የወሰድኩት። ያው አንድ ናቸው ብዬ።»

«አንድ ናቸው ብለህ? መውጫው ኩርባ ላይ ነው። ሳትለካ ቁጥር ትገለብጣለህ? ሰው ቢሆንስ?»

ድምፄ መንገድ ድረስ ተሰምቷል፤ ጎረቤታችን ልብስ ማስጣቷን ትታ ቆመች። የሆነው ነገር እኮ አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ነው። በሞረድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ባለቤቴ ሞረዱን አስቀመጠና ወንበር ሳበልኝ።

«የምትጮሂው እኔ ላይ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከተናገርሽ ይቀልልሻል። ካልተናገርሽም እኔ የትም አልሄድም።»

ያውቃል። ከጭቃው ጫማ ቀን ጀምሮ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 29
ጠዋት። ባለቤቴ ገና አልነቃም። እጽፈዋለሁ።

የካቲት 18 ቀን አርባ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር አልደረስኩም። የሐዲድ ጠጋኞች በጥር እዚያ ሠርተው ነበር። ከጥገና በኋላ ሐዲድ ይገፋል፤ ስለዚህ እንደገና እንዲለካ ትእዛዝ ነበረኝ። አርባኛው ላይ ስደርስ ስልክ ተደወለ፤ ልጃችንን ምጥ ይዟታል፣ አስቸግሯታል፣ ነይ ተባልኩ። የቀረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ያለፈውን ዓመት ቁጥር ገለበጥኩ። አንድ ሜትር ከስልሳ። ፈረምኩ። ሮጥኩ።

ከአደጋው በኋላ ሲለካ አንድ ሜትር ከአርባ ተገኝቷል፤ ብለካ እኔም ያንኑ አገኝ ነበር። ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ከሆነ፣ እጅ እንዳይወጣ ቢጫ ሰሌዳ ይተከላል። ሥራው ያ ብቻ ነበር። ሰሌዳ መትከል።

ሕፃኗን ባቀፍኩ ቁጥር ያ ቁጥር ይመጣብኛል። ሳመሰግን እንኳ በሙሉ አፌ አላመሰገንኩም። እናትና ልጅ በሰላም ተገላገሉ፤ ከዚህ በላይ ምን ይሰጠኛል? ግን ምስጋናዬን ሁሉ እንደ ሰረቅኩት ዕቃ በጉያዬ ይዤ ነው የከረምኩት።

ባለቤቴ ነቅቷል። ልነግረው ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 30
ትላንት ለባለቤቴ ነገርኩት። አልደነገጠም። «ከኮሚቴው በፊት ለእሱ ነው የሚነገረው» አለ። «አብሬሽ ልምጣ?» «ብቻዬን ነው» አልኩት።

ዛሬ ትኬት ቆራጩ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝ፤ በደስታ አስገባችኝ፣ ወንበር ጠረገችልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው። ረጅም ይሆናል ብዬ ነበር፤ አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ።

ትኬት ቆራጩ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

«እንግዲያው አልተዘናጋሁም» አለ።

«አልተዘናጋህም።»

«ሁልጊዜ እንደማወጣው ነው ያወጣሁት።»

«ሁልጊዜ እንደምታወጣው ነው።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ።  ሚስቱ ወደ በሩ ሄዳ ከፈተችው።

«ስንት ሌሊት ተነሥቶ ምን ሆኜ ነው የሳትኩት ሲለኝ አድሯል» አለችኝ። «እርስዎ ደግሞ ሻይ እያጠጡት በካርቶን ይለካሉ። ይሂዱልኝ።»

ሄድኩ። ያለችው አንድም ሐሰት የለበትም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 5
ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አራት ወንዶች፣ አንዲት ሴት፣ ረጅም ጠረጴዛ። የክፍል ኃላፊዬ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይጨርስ፣ «ልኬቱን አልለካሁትም» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ይህን እንድትናገሪ ያስገደደሽ አለ?»

«የለም።»

«ወረቀትሽ ላይ እኮ ምንም ጥያቄ አልተነሣም ነበር።»

«አውቃለሁ። ጥያቄው የተነሣው በሌላ ሰው ላይ ነው። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ጻፈች። የክፍል ኃላፊዬ ስወጣ አላየኝም። ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴ ቆሞ ነበር፤ አትምጣ ብዬው ነበር። ኮቴን ያዘልኝና በእግራችን ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ ርቦኝ ዳቦ ገዛን፤ እየገመጥኩ ሄድኩ። ከሰኔ ወዲህ ርቦኝ የበላሁት ያን ዳቦ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 13
ትኬት ቆራጩ አልመጣም። ይመጣል ብዬም አልጠበቅኩም።

ባለቤቴ የዋሻውን መውጫ በሞረድ አሰፋ። ለካሁት፤ ረጅሙ ፉርጎ አለፈ። 

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20
ዛሬም አልመጣም።

ልጃችን ሕፃኗን ይዛ መጣች። ለእሷም ነገርኳት። እንደምታዝንብኝ ፈርቼ ነበር። «እማ፣ በእኔ ምክንያት ነው ማለት ነው?» ብላ አለቀሰች። ይህን አላሰብኩትም ነበር። አቅፌያት፣ በአንቺ አይደለም፣ በእኔ እጅ ነው የተፈረመው አልኳት። እስኪገባት ደጋገምኩላት። ማታ ስትሄድ ሕፃኗን ወስጄ ሳምኳት፤ በደንብ አድርጌ፣ አንገቷ ሥር። አመሰገንኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27
የኮሚቴው ደብዳቤ ሐሙስ ደረሰ። ከልኬት ሥራ ተነሥቻለሁ። ደረጃዬ ዝቅ ብሎ ንድፍ ማስቀመጫ ክፍል ተመድቤአለሁ። በእኔ ፊርማ የተለኩ ቦታዎች ሁሉ በሌላ ሰው እንደገና ይለካሉ፤ ይህ ተገቢ ነው። ያባርሩኛል ብዬ ነበር።

ትኬት ቆራጩ ደግሞ ጥፋት እንደሌለበት ተጽፏል። መብቱ ተከብሮለታል፤ በዋናው ጣቢያ የባቡር መነሻ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኖ ይመለሳል። ይህን የነገረኝ የክፍል ኃላፊዬ ነው፤ እንደገና ደወለ። ድምፁ ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን ደወለ። «እኔ ብሆን አልናገርም ነበር» አለኝ። ስድብ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። አመሰገንኩት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4
ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ትኬት ቆራጩ ነው። ሚስቱ ከአጥር ውጭ ቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታናለች።

«እትዬ፣ ይቅር ብያለሁ ለማለት አልመጣሁም» አለኝ። «እሱን ገና አልቻልኩም። ግን ቅዳሜ ሲሆን እግሬ ወደዚህ ነው የሚለው። ቤት ተቀምጬ የግድግዳ ሰዓት ስቆጥር ዋልኩ፣ አራት ቅዳሜ። መስመሩ አለቀ?»

«አንተን እየጠበቀ ነው» አለው ባለቤቴ ከኋላዬ።

እኔ ከመንገዱ ገለል አልኩለት። 

ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን ሎኮሞቲቭ እሱ አስቀመጠው። ከዚያ ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ፤ አራት ፉርጎ፣ በአንድ እጅ፣ ማንም ሳያግዘው። ባለቤቴ የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ ወደ ግራው አስጠጋለት። ባቡሩ ከጣቢያው ተነሣ። ኩርባውን ሲይዝ እኔ በርከክ ብዬ ክፍተቱን አየሁ። አለፈ። ድልድዩን አለፈ። ዋሻው ውስጥ ገብቶ ወጣ። ሁለተኛ ዙር፣ ሦስተኛ ዙር።

«ትንሽ ዘግይቷል» አለ ትኬት ቆራጩ ሰዓቱን አይቶ። «ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሹፌር ቆንጥጬ ነው የምይዘው።»

ባለቤቴ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ራሴን ሰማሁት።

ዝናቡ ድንገት ወረደ። ባለቤቴ ምንም ሳይለን ጃንጥላ ይዞ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ አጥሩ ጋ ሄዶ በሚስቱ ራስ ላይ ዘረጋላትና ራሱ እየራሰ ቆመ። የሆነ ነገር አላት። ራሷን ነቀነቀች። ደግሞ አላት። ቆይተው አብረው መጡ።

ገብታ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፎጣ ሰጠኋት፤ ሳታየኝ ተቀበለችኝ። ሻይ አስቀመጥኩላት፤ አልነካችውም። ባቡሩ ሲዞር ዓይኗ ባቡሩን አልተከተለም፤ የባሏን ግራ እጅ ነበር የምታየው። ቁልፉን ሲያዞር፣ ሲያቀዘቅዝ፣ ጣቢያው ላይ ልክ በሩ ፊት ሲያቆም። ብዙ ቆይታ ሻይውን ጠጣችው። ቀዝቅዞ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ተነሡ። እሱ ከባለቤቴ ጋር እያወራ ቀድሞ ወጣ። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች በሩ ላይ ቆየች። የምትለኝን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ የሚወጣው በስድስት ሰዓት ነው» አለችኝ። «ከዚያ በቀጥታ ወደዚህ ነው የሚመጣው፤ ብለውም አይሰማኝም። ሥጋ በአንድ እጁ መቁረጥ ያስቸግረዋል፣ ደግሞ ቁረጡልኝ አይልም። ቆርጠው ያቅርቡለት።»

«እሺ» አልኳት። «ቆርጬ አቀርብለታለሁ።»

ወጣች። የሻይ ስኒዎቹን ይዤ ወደ ማዕድ ቤት ገባሁና ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ። ተመስገን። ዛሬ በሙሉ አፌ ነው የምለው።